የግራ እግር ጫማ

እኔን ያታለለ ሰው በሰላም አይከርምም። ለጉራ አይደለም የምለው፤ ኢዤቭስክ ውስጥ ፋይናን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዓሣ ሻጯ ታውቃለች። ድንች በጆንያ የሚያመጣው ሰውዬ ያውቃል፤ ዋጋ ይጠራና ዓይኔን አይቶ ራሱ ይቀንሳል። ታዲያ ይህቺ ኢኔሳ አርካድዬቭና፣ የጥርስ ሐኪሙ ሚስት፣ እኔን፣ እኔን ፋይናን፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሁሉ እያየ አሞኘችኝ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓመት ሊሞላ እስኪል ቂሜን ቋጥሬ ጠበቅኳት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ልጄ ኡስቲና ከአራት ዓመቷ ጀምሮ በረዶ ላይ ናት። ስትንሸራተት፣ ስትሽከረከር፣ ስትዘል ያያት ሰው የኔ ልጅ ናት ብሎ አያምንም፤ እኔ ደረጃ ስወጣ እንኳን ሕንፃው ይሰማል። የምሠራው ሞተር ፋብሪካ ነው፣ በሞረድ መንኮራኩር ብረት አለሰልሳለሁ። ባል ነበረኝ፤ ሄደ፣ ይቅናው። አዲስ የበረዶ ጫማ የሁለት ወር ደሞዜን ይበላል። ከሥሩ የሚገጠመው ስለት ደግሞ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ እሱም ሌላ ወር። ይህን ሁሉ ከፍለሽ ስትጨርሺ የልጅቱ እግር ያድጋል። እደጊ አትበያት፣ አትደጊ አትበያት!

ስለዚህ እንደኔ ያለን እናቶች የምንኖረው በአሮጌ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ፣ ልምምድ ሊጀመር ሲል፣ የበረዶ አዳራሹ መግቢያ ላይ እንሰባሰባለን። የመስኮቱ ደፍ ላይ የጠበቡ ጫማዎች ይደረደራሉ፣ ፈርጣቸው የረገፈ ቀሚሶች ይሰቀላሉ፣ የስለት መሸፈኛ፣ ጓንት፣ ካልሲ ይዘረገፋል። ገበያ ነው ብሎ የሚጠራው የለም። ኃላፊው መጥቶ “ምንድን ነው ይሄ?” ሲለን “እየተጫወትን ነው” እንለዋለን። እዚያ መስኮት ሥር ከኔ የተሻለ የሚገዛ ሰው አልነበረም። በርካሽ ገዝቼ ደህና ዕቃ ያላገኘሁበት ዓመት የለም።

የዚያ ገበያ ሕግ አንድ ነው፤ የቀኙን ጫማ እይ። ልጆቹ አየር ላይ ዞረው ሲወርዱ በቀኝ እግራቸው ነው የሚያርፉት። የሰውነታቸው ክብደት ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ እዚያ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቀድሞ የሚሞተው የቀኙ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ግን ከውስጥ እንደ ተቀቀለ ጎመን ይለሰልሳል። እጅን ከትቶ በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። ቀኙ ደህና ከሆነ ግራውን ማን ያየዋል? እኔም አላይም ነበር። ማንም አያይም።

“ፋይና፣ ነይ እስቲ፣ ላንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት” አለችኝ ኢኔሳ።

“ለኔ? ምን በድዬሽ?”

“ሦስት ወር ነው ሚሌና የተጫማችው። ሦስት ወር! እግሯ አደገብኝ እንጂ መቼ እሸጠው ነበር።”

“የሦስት ወር ጫማ ማሰሪያው እንዲህ ይበላል?”

“ኧረ ባክሽ! ውሻችን ነው የነከሰው።”

“እንግዲያ ውሻችሁ ዋጋውንም ይንከስልኛ!”

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ኢኔሳም ሳቀች። ከዚያ ቀኙን ጫማ ራሷ አነሳችና ሰጠችኝ። ልብ በሉ፣ ራሷ ናት ያነሳችው። “በገዛ እጅሽ እይው። ሚሌና ትሙት ሦስት ወር ነው!”

እጄን ከተትኩ። ጣውላ ነው! ጫን ብለው ጫን ብለው ንቅንቅ አይልም። በውስጤ እልል እያልኩ ፊቴን አኮሳተርኩና ክርክር ጀመርን። አንድ ሰዓት ያህል ስንጨቃጨቅ ቆይተን የዋጋውን ሲሶ አስጣልኳት። ስከፍላት የከንፈሯን መንቀጥቀጥ አይቼ “ተቃጠለች” አልኩ። ለካ ሳቋን እየዋጠች ኖሯል።

ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ጎረቤት ሁሉ አስቁሜ ጫማውን አሳየሁ። እህቴ ዞያ ጋ ደወልኩ፤ “ኢኔሳን ላጨኋት፣ ሲሶውን አስጣልኳት!” አልኳት። ኡስቲና ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ማሰሪያውን አጠበቀች፣ ተነስታ ቆመች።

“ይመችሻል?”

“ይመቸኛል እማዬ።”

“ታዲያ ሳቂ እንጂ!”

“እየሳቅኩ ነው።”

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ልጄ ወደቀች። የምትዘለውን ዝላይ፣ በግራ እግሯ ተነስታ ሁለት ጊዜ ዞራ የምታርፈውን፣ ዓመቱን ሙሉ እንደ ውኃ ስትጠጣው የኖረችውን ዝላይ አቃታት። ገና ስትነሳ ትንገዳገዳለች። ተናደድኩ። “ሰነፍሽ! እኔ በሁለት ፈረቃ እየሠራሁ አንቺ በረዶውን ትጠርጊያለሽ!” አልኳት፣ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ማሰሪያዋን አጥብቃ ወደ በረዶው ትመለሳለች። ኡስቲና ድሮም ብዙ አትናገርም፣ በአባቷ ነው የወጣችው።

ጥቅምት ላይ ፈተናው መጣ። መንግሥት ወጪውን የሚችልለት ቡድን አለ፤ እዚያ የገባች ልጅ የበረዶ ኪራይ አትከፍል፣ አሰልጣኝ አትከፍል፣ ጉዞዋም በነጻ። በኡስቲና ዕድሜ አንድ ቦታ ብቻ ተከፍቶ ነበር። እኔ ለዚያ ቦታ ነው ስድስት ዓመት ብረት ያለሰለስኩት። ወጣች፣ ዞረች፣ ልትዘል በግራዋ ተመረኮዘች፤ ጫማው ታጠፈ። የቁርጭምጭሚቷ ጅማት ሲቀደድ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ የሰማሁት መሰለኝ። እግሯ በጄሶ ታሰረ። ቦታውን ማን አገኘው? ሚሌና። የኢኔሳ ልጅ።

እግሯ ሲያገግም ጫማውን ይዤ ስለት ሞራጁ ሳቬሊ ፕሮኮሮቪች ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው አርባ ዓመት ከበረዶ አዳራሹ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የከተማውን ስለት ሁሉ ሞርዷል። ሁለቱንም ጫማ ፈታ፣ እጁን ግራው ውስጥ ከተተ።

“ይሄን ከማን ገዛሽው?”

“ከኢኔሳ። ሚሌና ሦስት ወር ነው የተጫማችው።”

“ሦስት ወር? ሁለት ዓመት ነው እንጂ! በይ እጅሽን ክተቺ። የቀኙን አይደለም፣ የግራውን።”

ከተትኩ። አውራ ጣቴ ሰመጠ። ጎመን ነው፣ የሞተ ጎመን።

“ሚሌና በግራዋ ነው የምታርፈው” አለኝ። “ተገላቢጦሽ ነው የምትዞረው፣ ከስንት ልጅ አንዷ እንዲያ ትሆናለች። በረዶ የሚጠርገው ሰውዬ እንኳን ያውቃል።”

“እኔ አላውቅም ነበር።”

“አንቺማ የራስሽን ልጅ ብቻ ነዋ የምታዪው!”

እውነቱን ነው። ስድስት ዓመት እዚያ ስቀመጥ የሌላ ሰው ልጅ ተራ ሲደርስ ሱፍ እፈለፍላለሁ እንጂ ቀና ብዬ አላይም። ኢኔሳ ይህን ታውቃለች። ቀኙን አንስታ ያቀበለችኝ ለዚያ ነው።

ደሜ ፈላ። የፋብሪካ ልብሴን ሳልቀይር ኢኔሳ የሴት ጥፍር የምታሳምርበት ሱቋ ድረስ ሄድኩ። አራት ሴቶች ጣታቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል።

“ግራውን ደበቅሽብኝ!” አልኳት።

ቀና እንኳን አላለችም። “የት ደበቅኩት? መስኮቱ ላይ ነበር። ሁለት እጅ የለሽም?”

“በልጅሽ ምለሽልኛል!”

“ወይ ጉድ! ዋጋ ስታስቀንሺ እኔ ምያለሁ፣ አንቺም ምለሻል። ያን ጊዜ ስትስቂ የነበርሽው ማን ነበርሽ? ፋይና፣ እኔን ላጭተሽኝ እንደሄድሽ ለሰው ሁሉ አውርተሻል አሉ። እንግዲህ ይህ ፀጉሩ ነው፣ ውሰጂው።”

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተንከተከቱ። አንዷማ ከሳቋ ብዛት ውኃውን ደፋችው። አንዲት ቃል ሳልመልስ ወጣሁ። እኔ ቃል ሳልመልስ ስወጣ የሚያውቁኝ ሰዎች ይፈራሉ፤ ኢኔሳ ግን ገና አላወቀችኝም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ቆይ ብቻ አልኩ።

ዓመቱን በሙሉ ተማርኩ። ከፈረቃ ስወጣ ሳቬሊ ዘንድ እየተቀመጥኩ የቆዳውን፣ የስፌቱን፣ የስለቱን ነገር አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ከቼልያቢንስክ እስከ ካዛን ማን ምን እንደሚሸጥ፣ የማን ልጅ እግሯ እንዳደገ፣ የትኛዋ መንሸራተት እንዳቆመች አወቅኩ። ቀስ በቀስ እናቶቹ እኔ ሳላይላቸው መግዛት ተዉ፤ የሚሸጡትንም ቤቴ ድረስ ያመጡልኝ ጀመር። “ፋይና እጇን ትክተትበት” ይላሉ። እጄን እከታለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ሻጯ ጓዟን ሰብስባ ትሄዳለች። ደስ ይለኝ ነበር? አዎ፣ ግን እጠብቅ የነበረው አንዲቷን ብቻ ነው።

ኡስቲና በበኩሏ እሑድ እሑድ በኪራይ ሰዓት ትንሸራተታለች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር። ከፍ ያሉትን ዝላዮች እግሯ አይችላቸውም። ሚሌናን እንዳታናግራት ከልክያታለሁ። እሷም እሺ ብላኛለች።

በመጣው ነሐሴ መጨረሻ ኢኔሳ በሬን አንኳኳች። በእጇ ፔሬፔቺ የሚባለውን ትንንሽ ትኩስ ቂጣ ይዛለች፣ በእንጉዳይ የተሞላ፣ ከውዱ ዳቦ ቤት። ሽታው ደረጃውን ሞልቶታል።

“ፋይና እህቴ…”

“እህቴ? መቼ ተወለድን?”

“ያለፈው አለፈ እንጂ። ልጅ እናሳድጋለን፣ ሁላችንም እንሳሳታለን። የሚሌና እግር በአንድ ክረምት አድጎ ጉድ አድርጎኛል። ጣሊያን ያዘዝነው አዲስ ጫማ ሦስት ወር ይፈጃል ይላሉ። ከፔርም ትልቁ የበረዶ ስፖርት ትምህርት ቤት አሰልጣኞች መስከረም ውስጥ መጥተው አንዲት ልጅ መርጠው ይወስዳሉ። በጠበበ ጫማ ጥፍሮቿ እየወደቁ ነው። አንቺ ካላገኘሽ የሚያገኝልኝ የለም።”

“ባልሽ ጥርስ ነቅሎ አይገዛላትም?”

“ስደቢኝ፣ ስደቢኝ፣ ይገባኛል” አለች። ዓይኗ ግን ከኋላዬ ኮሪደር ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች እየለቀመ ነበር። ይቅርታ ያመጣት እንዳይመስላችሁ። ርካሽ ነው ያመጣት።

ፔሬፔቺውን ተቀበልኩ። “እፈልግልሻለሁ” አልኳት። በሩን ዘግቼ ጀርባዬን አስደገፍኩና ብቻዬን ሳቅኩ።

መፈለግ አላስፈለገኝም። ከአንዲት የቼልያቢንስክ እናት እንድሸጥላት የተላከ ጫማ አልጋዬ ሥር ነበር። ጫማው በግራም በቀኝም ጣውላ ነው። ስለቱ ግን ያለቀለት ነው፤ ሴትዮዋም በሐቅ “ስለቱን ቀይሩት” ብላ ጽፋልኛለች። ስለት ከታች በኩል ጣት የማይሞላ ጠንካራ ብረት አለው። በተሞረደ ቁጥር እሱ ይበላል። ሲያልቅ የሚቀረው ለስላሳው ነው፤ ቢሞረድም የሚይዘው ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ በረዶውን አይነክስም፣ ያንሸራትታል። ጠንካራው ብረት መኖሩ የሚታወቀው ዳር ዳሩን በሚሄደው ደብዛዛ መስመር ነው። መስመሩ ካለ ስለት አለ፣ መስመሩ ከሌለ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

እና እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ያለሰለስኩ ሰው ነኝ። በምሳ ሰዓት ሰዎቹ ሾርባቸውን ሲጠጡ ስለቱን መንኮራኩሩ ላይ አስጠጋሁ። የሞተውን ብረት እንደ መስታወት አብለጨለጭኩት። ከዚያ ዳር ዳሩን፣ በጥንቃቄ፣ ደብዛዛውን መስመር ከላይ አዲስ አድርጌ ሣልኩበት። ሳቬሊ ራሱ ካላጎነበሰ አያውቀውም። ኢኔሳ “ይህ ፀጉሩ ነው፣ ውሰጂው” ያለችውን ከንፈሬ ላይ እየደገምኩ ነበር የምሠራው።

ሳቬሊን ብቻ ነበር የፈራሁት። እሱ ደግሞ በመስከረም ድንች ሊያስወጣ ልጁ ዘንድ ገጠር ይሄዳል፣ በየዓመቱ አሥራ አምስት ቀን። አውቶቡስ ሲሳፈር ጠብቄ ኢኔሳን ጠራኋት።

ስትመጣ የኪስ መብራት ይዛ መጣች። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ! የግራውን ጫማ አንስታ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች፣ አበራች፣ ጫነች፣ አሸተተች።

“ቀኙንም እይው እንጂ” አልኳት። “እኔ ደባቂ አይደለሁም።”

ቀላች፤ ቀኙንም አየች። ስለቱን ገለበጠች፣ መስመሩን በጥፍሯ ተከተለችው። “ብዙ ይቀረዋል” አለች።

“ዓይን አለሽ፣ እጅም አለሽ፤ ሁለት እጅ።”

ከዚያ ዋጋ ክርክር ገባን። በቀላሉ ብሰጣት ትጠረጥራለች። ስለዚህ ተሟገትኩ፣ ማልኩ፣ ጫማውን ከእጇ ቀምቼ ሣጥን ውስጥ መለስኩት። እሷም ኮቷን ለበሰች፣ በሩ ጋ ደረሰች፣ ተመለሰች። በመጨረሻ ረታችኝ። እንደ ረታችኝ ሆና በደስታ ደረጃውን ስትወርድ በመስኮት አየኋት፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ወዲያው ስልክ አነሳች። ለማን እየነገረች እንደሆነ፣ ምን እያለች እንደሆነ አላጣሁትም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለዚህ ቀን ብዬ ፍሪዘር ውስጥ ያቆየሁትን ፔሬፔቺ አውጥቼ በላሁት።

ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ከፋብሪካ ቀረሁና ታች፣ አጥሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኡስቲና አብራኝ መጥታ ነበር፤ እኔ አልጠራኋትም፣ እሷ ናት ልምጣ ያለችኝ። ሦስት ረድፍ ከፍ ብላ ለብቻዋ ተቀመጠች። ማዶ ኢኔሳ አዲስ ኮት ለብሳ ከፔርም ሰዎች አጠገብ ጥርሷን እያሳየች ነው።

ልጆቹ ለማሟሟቅ ወጡ። ሚሌና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስትዞር ስለቱ ሸሸባት። በትንሹ ነው፤ ሌላ ሰው አላየም፣ እኔ አየሁ። “እሰይ” አልኩ። ሁለተኛው ላይ እጇን በረዶው ላይ አሳረፈች። “እሰይ፣ ገና ነው!” አልኩ። ጥርሴን ነክሼ የምጠብቀው ዝላዩን ነበር፤ እንደ ልጄ ስትወድቅ፣ እናቷም እንደኔ ስትጮህ።

ሚሌና ግን አልዘለለችም። ዞር አለችና ቀጥ ብላ ወደኔ መጣች።

“አክስት ፋይና” አለችኝ እየተነፈሰች። “ስለቱ እየያዘልኝ አይደለም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። እማማ እንዳልነግርዎት ብላኛለች፣ ይስቁብናል ብላ። ግን እርስዎ ብረት ያውቃሉ። እስቲ ይዩልኝ፣ እባክዎ።”

እግሯን አንስታ አጥሩ ላይ አስቀመጠች። የራሴን መስመር አየሁት፣ የሣልኩትን። ሞራጆች እንደሚያደርጉት ጥፍሬን ስለቱ ላይ አሳለፍኩ፤ ስል ከሆነ ጥፍር ይፍቃል። ምንም አልፋቀም። ማንኪያ ላይ ያሳለፍኩት ያህል ነው።

“ደህና ነው፣ ሂጂ ዝለዪ” ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ከፍቼ ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

“እርስዎ ባይሆኑ ማን ይሸጥልን ነበር” አለች ልጅቱ፣ እግሯን እንደሰቀለች። “እማማ ባለፈው ያደረገችውን አውቃለሁ። እኔ ያኔውኑ ለኡስቲና ነግሬያት ነበር እኮ። እርስዎ ከፍለው እንደጨረሱ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ ግራው ሞቷል፣ ለእናትሽ ንገሪያት፣ ይመልሱት አልኳት። አልነገረችዎትም?”

ዞር ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ኡስቲና እያየችን ነበር። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች፣ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ ቀና ሳትል።

“ከበረዶው ውጪ” አልኳት ሚሌናን።

“እ?”

“ውጪ አልኩሽ! ጫማውን አውልቂ።”

“አክስት ፋይና፣ ሦስት ደቂቃ ነው የቀረኝ!”

“አውልቂ! ስለቱ የሞተ ነው። አውቄ ነው የሸጥኩላችሁ። መስመሩን እኔ ነኝ የሣልኩት፣ በዚህ እጄ።”

ልጅቱ አላለቀሰችም። ፊቷ ብቻ ነጭ ሆነ። ኢኔሳ ማዶ ሆና አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባት መሰለኝ፣ በዚያ ሁሉ ተረከዝ እየሮጠች መጣች። ሚሌና አንዲት ቃል ነገረቻት። ኢኔሳ ስለቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

“አንቺ አውሬ! ልጅ እኮ ናት! አንገቷ ቢሰበርስ?”

“የኔዋስ? የኔዋ ድመት ነበረች?”

በጥፊ መታችኝ። መልሼ ያልመታኋት ፈርቼ አይደለም፤ ኢኔሳን በአንድ ክንድ ከነኮቷ አጥሩን ማሻገር እችላለሁ። ዓይኔ ልጄ የተቀመጠችበት ረድፍ ላይ ስለነበረ ነው። ኡስቲና ተነስታ በጎን በር እየወጣች ነበር።

ሚሌና ያን ቀን አልተንሸራተተችም። በልኳ የሚሆን ጫማ በአዳራሹ አልተገኘም። የፔርም ሰዎች ሌላ ልጅ መርጠው ሄዱ። ስለዚህ በቀሌ አንድ ሳይጎድል ተፈጸመ ማለት ነው፤ ቦታዋን አጣች፣ እናቷም ሰው ፊት ጮኸች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት እናት ጫማ ይዛ በሬን አላንኳኳችም። ሳቬሊም ከድንቹ ሲመለስ ሰምቶ ኖሮ ክፍሉ በር ላይ ቆመና “ሌላ ሞራጅ ፈልጊ” አለኝ። ሚሌናን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ። ኢኔሳን አልጠየቅኩም። አልጠይቃትምም።

ያን ቀን ከአዳራሹ ስወጣ ኡስቲናን ያገኘኋት ትራም ማቆሚያው ላይ ነው። አጠገቧ ቆምኩ። ነፋስ ነበር፤ ኮፍያዋን ወደ ጆሮዋ ሳብኩላት፣ ራሷን አሸሸች።

“ታውቂ ነበር?”

“አዎ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከገዛሽው ቀን።”

“ታዲያ ለምን አትነግሪኝም? በዚያው ሰዓት እመልሰው ነበር! መስኮቱን በራሷ ላይ እሰብረው ነበር!”

“ለሰው ሁሉ ነግረሽ ነበር” አለች። “ደረጃ ላይ፣ ለአክስት ዞያ፣ ለሁሉም። ፋይናን የሚያሞኝ የለም ትዪ ነበር። ትስቂ ነበር። አባባ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።”

ወደ ግራ እግሯ አየሁ።

“ያምሽ ነበር?” አልኳት።

“በየቀኑ።”

“ሰባት ሳምንት?”

“ሰነፍ ስትዪኝ ጊዜ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ደግሞ እለምደዋለሁ ብዬ ተውኩት።”

ትራሙ መጣ። ከኋላ ጎን ለጎን ሁለት ባዶ ወንበር ነበር። ኡስቲና አየችው፤ አለፈችውና ፊት ለፊት ከማታውቃት አሮጊት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።